ከበሩ ወዲያ

«ሞታ መሆን አለበት፤ ግን መጋረጃውን ማን እንደሚስበው እንጃ» አለ ሰውየው በስልክ።

ቁልፍ ሠሪው እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረው ወዲህ ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ ማውራት ያስቸግረዋል። ስለዚህ ሲደወልለት ድምፁን ይለቅና ስልኩን ዳቦው አጠገብ ያጋድመዋል፤ የሰው ጭንቅ ሁሉ በቁርስ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ የወጣው፣ ከሚስቱ ተጣልቶ ውጭ የቀረው፣ የሟች አባቱን ሣጥን መክፈት ያቃተው፣ ሁሉም እዚያው ሻዩ መሀል ይጮሃል። ልጁ ለምዳዋለች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደራሲ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ተከራይታ ትኖርበት የነበረውን ቤት ለቃ አባቷ ዘንድ ተመልሳለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሻይዋ ጎን የአጫጭር ልቦለዶቿ መድበል የመጨረሻ ማረሚያ ተቆልሎ ነበር። ለአምስተኛ ጊዜ ሊታተም ነው፤ እስከ ዐሥር ሰዓት ፈርማበት ለአሳታሚው መመለስ አለባት። እርሳሷን እንደያዘች ጆሮዋን ወደ ስልኩ ጣለች።

«ማን ናት የሞተችው?» አለ አባቷ።

«ተከራዬ ናታ! አሮጊት ናት፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ይኸው አሥራ አንድ ቀኗ፣ ከበር አልወጣችም። ስናንኳኳ አትመልስም። መጋረጃው ግን ጠዋት ወደ ግራ ተስቦ አየዋለሁ፣ ከምሳ ስመለስ ወደ ቀኝ ሆኗል። እኔ ልቤ ደካማ ነው አባባ፤ መጥተው ይክፈቱልኝ።»

«ኪራይ አልከፈለችም እንዴ?»

«ኧረ ከፍላለች! የስድስት ወር፣ ያውም አስቀድማ። እሱ አይደለም ችግሩ።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«ተከራዮቹ ፈሯታ» አለ አከራዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚህ በፊትም ሞታ ታውቃለች ነው የሚሉት።»

ደራሲዋን ሳቅ አመለጣት። ነገሩ እንዳይጠፋባትም ወዲያው ማረሚያው ጠርዝ ላይ ጻፈችው፦ «ከዚህ በፊትም ሞታ ታውቃለች።» አባቷ ግን አልሳቀም። ዳቦውን አስቀመጠ፣ አድራሻውን ሁለት ጊዜ አስደገመ፣ ከዚያ «ትመጪያለሽ?» አላት። መጠየቁ ለወጉ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሽቦውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እሱ ያዳምጣል፣ እሷ ትነካካለች።

በሰፈሩ «ጋሼ ጆሮ» ነው የሚሉት። ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ቁልፉን እንደ ሐኪም ያዳምጠዋል። ጉልበት አይወድም፤ መሰርሰሪያ ያነሳ ቀን ምሳ አይበላም። «በር መክፈት ምኑ ይገርማል? ሌባም ይከፍታል። የከፈትሽው ቁልፍ እንደ ድሮው ሲዘጋ ነው ሥራ ሠራሁ የምትዪው» ይላል። ሌላም ልማድ አለው። በሩ ቀጭ ብሎ ሲለቅ እጀታውን ለባለጉዳዩ ያስይዝና ወዲያው ጀርባውን ያዞራል። ቢጮሁም፣ ቢያለቅሱም፣ ስሙን እየጠሩ ና እይ ቢሉትም አይዞርም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲከፍት ኖሮ የአንዱንም ጓዳ አያውቅም። ልጁ ከዚህ ሙያ የወረሰችው ግማሹን ነው። ዝም ብሎ ማዳመጥን፣ ሳያስገድዱ ቀስ እያሉ ማስለቀቅን ተምራ ለዓረፍተ ነገር አዋለችው፤ አንድ ቃል እስኪገጥም ድረስ ሦስት ቀን ትጠብቃለች። ጀርባ ማዞሩ ግን አልሆነላትም።

አሥራ አራት ዓመቷ ሳለ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዛ የተከተለችው ቀን ነበር። አንዲት ሴት ሦስት ቀን ድምጿ ጠፍቶ ጎረቤቶቿ ተሰብስበዋል። አባቷ ከፍቶ ሲዞር እሷ በክንዱ ሥር አጮልቃ አየች። ለሁለት ሰው የተዘረጋ ጠረጴዛ፤ አንዱ ሳህን ባዶ፣ ሌላው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ወንበር። አልጋው ላይ ከአንሶላ ሥር የወጣ፣ የማይንቀሳቀስ አንድ እግር። ከዚያ ሰዎች ገፍተው ገቡና ከለሏት። ያቺ ያየቻት ክፍል ለአሥር ዓመት ከዐይኗ አልጠፋችም፤ በመጨረሻ «የተሸፈነው ሳህን» ብላ ጻፈቻት። በታሪኩ ውስጥ ሴትየዋ ጥሏት ለሄደ ወንድ በየቀኑ ሳህን እያሰናዳች፣ ከግድግዳ ጋር እያወራች፣ አእምሮዋን ቀስ በቀስ ትስትና ጠብቃ ጠብቃ ትሞታለች። ስሟን ያስጠራው፣ በትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ የገባው፣ ለአሥራ ሰባት ዓመት እንጀራ የሆናት ይህ ታሪክ ነው። በየቃለ መጠይቁ «ከአባቴ የወረስኩት የተዘጋ በር መክፈትን ነው» ትላለች። እሷ በቴሌቪዥን ይህን ስትል አባቷ ሁልጊዜ ሻይ ሊያፈላ ይነሳል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ግቢው ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። ስምንት ክፍሎች ፊት ለፊት ተደርድረው፣ መሀላቸው የሲሚንቶ ሜዳና አንድ የውሃ ቧንቧ አለ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ልብስ ተሰጥቷል፤ ግን ድምፅ የለም። ሦስት ሴቶች ቧንቧው ዙሪያ ቆመዋል፤ አንዷ እጇ በአረፋ እንደተሞላ ነው። ስምንተኛው በር ብቻውን ጥግ ላይ ነው። ከእሱ ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ ልብስ አልተሰጣም፣ ወንበር አልወጣም፤ ሰው በተሰመረ መስመር የተከለከለ ይመስል ማንም ወደዚያ አይጠጋም። ደፉ ላይ የተበታተኑ ጠጠሮች አሉ። ደራሲዋ መጀመሪያ አላስተዋለቻቸውም፤ ኋላ ስታይ በሩ ላይ ነጭ ነጭ ጠባሳ አየች፤ ጠጠሮቹ የተወረወሩ ናቸው።

አከራዩ ወፈር ያለ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል ሰው ነው። «መጣችሁ? እሰይ። ከፍታችሁልኝ ዕቃዋን ደጅ ላውጣው እንጂ እኔስ ሰው መሆን አቃተኝ። ሁለት ተከራዮች ሊለቁብኝ ነው። የላይኛዋ ልጇን ትምህርት ቤት በጓሮ አዙራ ነው የምትወስደው፤ በዚህ በር ፊት ላለማለፍ ብላ።»

«ዕቃዋን?» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ሞታለች አላልከኝም?»

«ሞታም ከሆነ ይወጣል፣ ሳትሞትም ከሆነ ይወጣል!»

ሽማግሌው ጉልበቱን እየደገፈ ተንበረከከና ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጠፈ። ዐይኑን ጨፈነ። ግቢው እንዳለ ትንፋሹን የዋጠ መሰለ። ደራሲዋም ከጎኑ ተንበርክካ አዳመጠች፤ ምንም አይሰማትም፤ የራሷ ልብ ብቻ። ቆይቶ ቆይቶ አባቷ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «አለች» አለ። «ቆማለች። እዚሁ በሩ ጋ ናት። ትተነፍሳለች።»

አከራዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። ደራሲዋ እዚህ ላይ መጠበቅ ነበረባት፤ አባቷ «ቆይ» ለማለት እጁን ሲያነሳም አይታለች። ግን ከጠዋት ጀምሮ ያ ዓረፍተ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ እያፏጨባት ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ለማየት ቸኮለች። ቁልፉ የድሮ ሰረገላ ቁልፍ ነው፣ ቀዳዳው ከወዲያ ወዲህ የሚያሳልፍ። ቀጭኑን ሽቦ አስገባች፣ የመጀመሪያውን ጥርስ ፈለገች፣ አገኘችው፣ ልታነሳው ስትል ሽቦው በእጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። እሷ አይደለችም ያንቀሳቀሰችው። ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ሽቦውን ነክቶት፣ ሳይቸኩል፣ ልክ እሷ እንደምትሠራው ቀስ ብሎ ገፋው። ሽቦው በጣቶቿ መሀል ወደ ኋላ እየሾለከ፣ እየሾለከ መጣና መሬት ላይ ወደቀ። ክው አለች።

ቀዳዳው በቁልፍ ተደፈነ። ከዚያ ደረቅ፣ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ ከእንጨቱ ወዲያ መጣ።

«ደግሞ መጣችሁ?»

ቁልፍ ሠሪው የሚንቀጠቀጥ አውራ ጣቱን በቁልፉ ፊት ብረት ላይ እያሄደ ነበር። ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ብረቱ ላይ ሁለት ቀጫጭን የሞረድ ጭረቶች አሉ፤ እሱ በሠራው ሁሉ ላይ የሚያስቀምጣቸው ናቸው። ፊቱ ተለዋወጠ። አፉን ወደ በሩ አስጠግቶ፣ የሰፈር ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ ዓይነት፣ «እንደምን ነዎት? ያ ሳል ለቀቀዎት?» አለ።

ከወዲያ ሴትየዋ እንደ መሳቅ አለች። «እሱማ ያኔውኑ ነው የለቀቀኝ። ሃያ ሰባት ዓመቱ።»

«ቁልፉን ይዘውት ነው የሚዞሩት?»

«ቤት በቀየርኩ ቁጥር አስነቅዬ እወስደዋለሁ። ጥሩ ቁልፍ ነው።» ቀጥላ፣ «አጠገብህ ያለችው ማናት? ሽቦ የያዘችው?» አለች።

«ልጄ ናት።»

«ደራሲዋ?»

«አዎ።»

«እንዲያ በለኛ» አለ ድምፁ። «የገደለችኝ።»

ደራሲዋ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ያ እግር፣ ያ ወንበር፣ ያ ነጭ ጨርቅ ባንድ ጊዜ ዐይኗ ላይ መጡ። ከእሷ በላይ አከራዩ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። «ሰማችኋት? ራሷ አመነች! ይኸው እኮ ነው የምላችሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት መጽሐፉን ይዛ መጣች። እናቷ አነበበችው፤ በመስኮት ያየችው ጠረጴዛ፣ ያየችው ወንበር፣ አንድ በአንድ ተጽፏል። ሴትየዋ ግን መጨረሻ ላይ ትሞታለች። ታዲያ ይቺ ማናት?»

ቁልፍ ሠሪው እየተደገፈ ተነሳ። «ይህን በር አልከፍትም» አለ። «ቁልፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሠራሁላት እንዳይከፈትባት ነው።»

«ሌላ ሰው እጠራለሁ!»

«ጥራ። በዚህ ከተማ ያለ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ እኔ ጋ ነው ሞረድ መያዝ የተማረው። ደውልና ጋሼ ጆሮ አልከፍትም ያለው በር ነው ብለህ ንገረው።» ይህን ብሎ ደፉ ላይ፣ ጠጠሮቹ መሀል ተቀመጠ፤ ቦርሳውን እግሮቹ መሀል አስገባ፤ ለመሄድ እንዳላሰበ ሁሉም ገባው።

ደራሲዋ ያን ጊዜ ነው የተነሳችው። ቧንቧው ጋ ወዳሉት ሴቶች ሄደች። «ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ፈጠራ ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ በተከፈተ በር አጮልቄ አየሁና የቀረውን ከራሴ ጨመርኩ። ሴትየዋ አልሞተችም። እንደማናችንም ሰው ናት።»

ሴቶቹ ተያዩ። እጇ አረፋ የለበሰው አጣቢ ከላይ እስከ ታች ገረመመቻት። «ያንቺን እንጃ እህቴ» አለች በጨዋ ድምፅ፤ «እሱ ግን መጽሐፍ ላይ ተጽፏል።»

«መጽሐፉን እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ!»

«ቢሆንም ተጽፏላ።»

አከራዩም ከኋላ ደረበ። «ልጄ ተፈትናበታለች። 'ሴትየዋ በመጨረሻ ምን ሆነች?' ይላል ጥያቄው። 'ሞተች' ብላ ነው ነጥብ ያገኘችው። አሁን ደርሰሽ አልሞተችም ብትዪ ማን ይሰማሻል?»

ከራሷ መጽሐፍ ጋር ተጣልታ የተረታች ደራሲ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ፊቷን አዙራ ስትመለስ በሩ ተከፍቶ አገኘችው። አልጮኸም፣ አልተንቋረረም፤ መቼ እንደተከፈተ ማንም አልሰማም። በጨለማው ውስጥ አንዲት ረጅም ቀጭን አሮጊት ቆማለች። ክንዶቿ ላይ ያረጁ የካውያ ጠባሳዎች እንደ ጥምዝ ቀለበት ተደርድረዋል። ቧንቧው ጋ ያሉት ሴቶች ሳይነጋገሩ ባንድነት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«አንተ እዚያው ሁን» አለችው ቁልፍ ሠሪውን፤ እሱም አስቀድሞ ጀርባውን ሰጥቷታል። «አንቺ ግን ግቢ። ያኔ ለማየት ቸኩለሽ ነበር አሉ። አሁን በደንብ እዪ።»

ክፍሉ ዐሥር እርምጃ አይሞላም። አልጋው ላይ አንሶላው አንድ መጨማደድ የለበትም፤ ተተኩሶ እንደ ወረቀት ተወጥሯል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን አለ፤ አንዱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ደራሲዋ ራሷ በጻፈችው ክፍል ውስጥ እግሯን አስገብታ መቆሟን ስታስበው ፀጉሯ ቆመ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ የጻፈችው ነገር፣ የሞተ ሰው የሚጠብቃት መሰላት።

«ሳህኑ የማን ነው?» አለች።

«የእህቴ» አለች አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች። «ሁለታችንም አንድ ሆቴል ልብስ ተኩስ ክፍል ነበርን፤ እሷ የሌሊት ተራ፣ እኔ የቀን። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ ነበረን። እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች፤ አልጋውን እያሞቅን እንለዋወጥ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው ቁጭ ብለን የምንተያየው። ስለዚህ የምትወጣው ለምትገባው ሳህን አሰናድታ ትሸፍናለች። ያኔ እሷ እናታችንን ልትጠይቅ ክፍለ ሀገር ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ይጠብቃት ብዬ ሳህኗን እንደሸፈንኩ ሳንባ ምች ጣለኝ። ባትከፍቱ ኖሮ እሞት ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ። አባትሽ ነው ያዳነኝ።»

«ወንበሩስ?»

«ሬዲዮ አልነበረንም። የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር፤ ዞሬ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ከግድግዳ ጋር ታወራለች ብለሽ ጻፍሽ አይደል? አላወራም። ዘፈኑን እየተከተልኩ ነበር።»

ደራሲዋ ወደ ግድግዳው አየች። ክፍሉ የመጨረሻው ነው። «አሁን ግን ከዚህ ወዲያ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ባዶ ሜዳ ነው።» አሮጊቷ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሁሉ ረጋ ብላ፣ «አንዳንድ ቀን ይሰማኛል» አለች።

ደራሲዋ ሳታስበው ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አዘንብላ ራሷን አገኘችውና ደነገጠች።

«እህቴ አንብባዋለች» ቀጠለች አሮጊቷ። «'የኔ ሳህን እኮ ነው! ወንድ አድርጋኝ፣ ጥዬሽ ሄድኩ!' ብላ ስትስቅ ሰነበተች። በየሄደችበት ቀልድ አደረገችው። ከዚያ መሳቁን ተወችው። አንድ ቀን ስገባ ሳህኔን ሸፍናልኛለች፤ ጨርቁ ላይ በእርሳስ 'የሄደ ሰው የለም' ብላ ጽፋበታለች። ስምንት ዓመት ሆናት ካረፈች። ልጅ አልነበራትም፣ ፎቶ አልነበራትም። እኔንስ ግደዪኝ፤ ይኸው አልሞትኩም። እሷ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው የተጻፈችው፤ እዚያም ጥሎ የሄደ ወንድ ናት።»

ደራሲዋ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ» የምትለው ቃል አፏ ላይ መጥታ ቀለለችባትና ዋጠቻት። «ታሪኩን ከመጽሐፉ ላውጣው?» አለች።

«ብታወጪውማ ሴትየዋ ሞታለች ብለው ይቀራሉ። ፈተናም ወጥቶበታል ብሎ የለ ሰውየው?» አሮጊቷ ተነሥታ ጨርቁን ከሳህኑ ላይ አነሳች፤ ሥሩ ምንም የለም፣ ንጹሕ ሳህን ነው። «እህቴን መልሺልኝ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ግን መጀመሪያ እኔ ልስማው።» ከዚያ የእህቷን ስም ነገረቻት፣ በየትኛው እጇ እንደምትተኩስ፣ ስትደክም ምን እንደምትል፣ ጫማዋን ለምን በር ላይ እንደምታወልቅ ነገረቻት። ደራሲዋ ማስታወሻ አላወጣችም። ጠየቀች እንጂ፤ አንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀች፤ በሥራ ዘመኗ እንደዚያ ጠይቃ አታውቅም።

በአውቶቡሱ ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት ፌርማታ አለፉ።

«መኖሯን ታውቅ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር። ሐኪም ቤት ድረስ ሄጄ ነው አዲሱን ቁልፍ የሰጠኋት።»

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ፣ አባዬ?»

ሽማግሌው የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሌላው እጁ ያዘ። «መጽሐፉን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር። እናትሽ በደስታ ታለቅሳለች፤ አንቺም እንደዚያ ቀን አምሮብሽ አያውቅም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በማግሥቱ አንዱ መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ከዚያ ሌላው መጣ።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጀርባ ማዞር የኔ ሙያ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ኖርኩ። እሱ ግን ለሰው ጓዳ ነበር እንጂ ለልጄ አልነበረም። በዚች ሴትዮ ላይ በደረሰው የኔም እጅ አለበት።»

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ቁጣው ግን አልመጣላትም። እጁን ከእጁ ላይ ወስዳ ራሷ ያዘችው፤ እስኪወርዱ ድረስ በመዳፏ ውስጥ እንደ ወፍ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

ቤት ሲደርሱ ለአሳታሚው ደወለች። «ማረሚያው ዛሬ አይመጣም» አለችው። አሳታሚው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ማተሚያው ተራ ይዞ እንደሚጠብቅ አስረዳት፣ ቀጥሎ «ሰዉ የሚገዛው እኮ ለዚያች ታሪክ ነው፤ መጨረሻዋን ነካሽ ማለት መጽሐፉን ገደልሽው ማለት ነው» አላት። «አንድ መግደል ይበቃኛል» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በአባቷ የሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ የብረት ብናኙን በእጇ ጠርጋ፣ ተቀመጠች። እሱ ከጎኗ የሆነ ቁልፍ በሞረድ እየላገ፣ እሷ እየጻፈች፣ ማንም ሳይናገር አራት ሰዓት አለፈ። በጣም የለፋችው ስለ ሞት አልነበረም፤ አንዲት ሴት ደክሟት በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ለመጻፍ ነው። አምስት ጊዜ ሰረዘችው። በስድስተኛው ቀጭ አለ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻዋን ተመልሳ በሩን አንኳኳች። አሮጊቷ ከፍታ አስገባቻት፤ ክፍሉ ስለሞቀ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ደጁ ሙሉ ሰው ነበር፤ ቧንቧው ይንዠቀዠቃል፣ አጣቢዋ ልብስ ታሻለች፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ይለፈልፋል፣ አከራዩ ከአንዱ ጋር ይከራከራል። ማንም ወደ ስምንተኛው በር አላየም። ደራሲዋ ማንበብ ጀመረች። የእህትየዋን ስም እንደጠራች አሮጊቷ ዐይኗን ጨፈነች።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር አስተዋለች። የአሮጊቷ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከእሷ ኋላ ሳይሆን ከእሷ ፊት ፊት፣ ገና ያልተነበበውን ቃል እያስቀደመ ነው የሚሄደው። ደራሲዋ ዛሬ የጻፈችውን፣ ማንም ያላየውን ዓረፍተ ነገር አሮጊቷ በዝምታ ቀድማ ትለዋለች። ቀጥላ አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ግን ከንፈሩ ቆመ። «እህቴ እንዲህ አትልም ነበር» አለች አሮጊቷ ዐይኗን ሳትገልጥ። «'ደህና ዋልሽ' አትልም። 'ትተሽልኛል?' ነው የምትለው። አልጋው ሙቀት አለው ወይ ለማለት ነው።» ደራሲዋ ሰርዛ አስተካከለች፤ ከዚያ መስመሩን ደግማ አነበበችው፤ ከንፈሩም እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ከኋላዋ ደጁ ጸጥ ያለው። መጀመሪያ ሬዲዮው ጠፋ። ቀጥሎ የልብሱ መታሸት ቆመ። የአከራዩ ድምፅ መሀል ላይ ተቋረጠ። በመጨረሻ ሰው የቧንቧውን ውሃ ዘጋው፤ የቀረው ጠብታ ሲሚንቶው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ብቻ ይሰማል። ደራሲዋ ለመዞር ፈራች። ጠጠሮቹ ትዝ አሏት። ከበሩ ወዲያ ብዙ ሰው ትንፋሹን ይዞ እንደቆመ በጀርባዋ ታወቃት፤ ጥላቸው በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወለሉ ላይ እስከ እግሯ ድረስ ደርሷል። ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ በመጨረሻ ከጉሮሮዋ የማይወጣ ሹክሹክታ ሆነ።

«አንቺ» አለች አጣቢዋ ከደጅ፤ «ትንሽ ጮክ አድርጊው እንጂ፣ ወዲህ አይሰማም።»